የድፎ ዳቦ ፍለጋ እስከ ግምጃ ቤት

ውድ አንባቢ፣ የዓመት በዓል ዋዜማ ሲደርስ እርስዎም ከሥራ ገበታዎ ተነሥተው፣ ልጆችዎን ከትምህርት ቤት ሰብስበው፣ የዶሮውንና የሽንኩርቱን ጣጣ ከጨረሱ በኋላ «ዳቦውስ?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቅዎት ይሆናል። የአብዛኛዎቻችን የከተማ ሠራተኛ እናቶች መልስ የታወቀ ነው፤ ከዳቦ ቤት ይገዛል። እኔም ለብዙ ዓመት ስገዛ ኖሬ በ2015 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ «ዘንድሮስ ራሴ እደፋለሁ» ብዬ እጄን ሰብስቤ ተነሣሁ።

የሆነውን ልንገርዎ። ዳቦው ከውጭ ሲያዩት ወርቅ መሰለ። በበዓሉ ዕለት የባለቤቴ ወላጆች በተገኙበት አማቴ ባርከው ቢላዋውን ከመካከሉ ሲያስገቡት ግን ቢላዋው ሊጥ ለብሶ ወጣ። በገበታው ዙሪያ የነበረ ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ነገር ማየት ጀመረ። አማቴ ዳር ዳሩን ቆርሰው ካደሉ በኋላ ወደኔ ዞር ብለው «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ከወቀሳ የሚከብድ ምርቃት መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ደግሞ «የአያቴ እንዲህ አልነበረም» ሲል እቅጩን ተናገረ።

አያቱ፣ ማለትም እናቴ፣ ያረፈችው በ2012 ዓ.ም. ነው። ትውልዷ አዊ ውስጥ ግምጃ ቤት ሲሆን ዕድሜዋን የፈጀችው አዲስ አበባ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ድፎ ዳቦ ሳትደፋ የቀረችበትን ጊዜ አላስታውስም። ልጅ ሳለሁ ሊጡን ስታቦካ ልጠጋት ስሞክር «ሂጂ ጥናትሽን አጥኚ፤ ዳቦው የትም አያመልጥሽም» ትለኝ ነበር። ይህን ያለችው ለበጎ ነበር፤ ዲፕሎማዬን ያገኘሁት በዚያ ጥናት ነውና። እርስዎም ለሴት ልጅዎ ይህንኑ ይሉ ይሆናል፣ እኔም እላለሁ። ዳቦው ግን አመለጠኝ።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የሥራ ጉዳይ ወደ አዊ ወሰደኝ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያከብረውን በዓል እንድዘግብ ነበር የተላክሁት። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ለራሴ አንድ ቃል ገባሁ፤ በደረስኩበት ሁሉ የበዓል ዳቦ ልቀምስ፣ በመጨረሻም ግምጃ ቤት ድረስ ዘልቄ የእናቴን ዳቦ ምስጢር ከእኅቷ ከአክስቴ እጅ ልቀበል።

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ፣ ዓባይን በረሃ ወርጄና ወጥቼ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ማርቆስ አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤት አደርሁ። የጓደኛዬ እናት እንግዳ መምጣቱን ሰምተው ያዘጋጁት ዳቦ የጠበቅሁት ድፎ አልነበረም። ህብስት ነበር። ቃሉ በግዕዝ ዳቦ ማለት መሆኑን ያውቁ ይሆናል፤ በጎጃምና በጎንደር ባልትና ግን በእንፋሎት የሚበስል ዳቦ መጠሪያ ነው። በድስት ውስጥ ውሃ ይጣድና ከውሃው በላይ እንጨት ተረብርቦ ቅጠል ይነጠፍበታል። ኩፍ ያለው ሊጥ እዚያ ላይ ተደርጎ ክዳኑ ትንፋሽ እንዳያወጣ ይታሸጋል። ውሃው እስካላለቀ ድረስ አያርም፣ አይነድም። የቤቱ እመቤት «ቡናዬን እያፈላሁ ይደርስልኛል» አሉኝ፤ ለእንደኛ ዓይነቷ ባለ ብዙ ጉዳይ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ህብስቱ ነጭና ለስላሳ ነው፣ ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል። ጥርሳቸው ለሳሳ ሽማግሌዎችና ለሕፃናት የሚስማማ ይመስለኛል። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ቅርፊት የሌለው ዳቦ ሙሉ ዳቦ አይመስለኝም። የእናቴ ዳቦ ቅርፊት ነበረው፤ የኮባው ቅጠል ጅማት ሳይቀር እንደ ማኅተም ታትሞበት ይወጣ ነበር።

በማግሥቱ ቡሬን አልፌ ወደ እንጅባራ ወጣሁ። ብርዱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ በጥር ጧት መሬቱ አመዳይ ለብሶ ይነጋል። ጥር 23 ቀን ግን ሜዳው በፈረስና በሰው ሞልቶ ስለነበር ብርዱን ያስታወሰው አልነበረም። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተና ፈረሶች በዓድዋ ጦርነት የከፈሉትን ውለታ ለማሰብ እንደ ተጀመረ ይነገራል። የግልቢያውን፣ የጉግሱንና የፈረሶቹን ጌጥ ነገር በወቅቱ በዜናው ገጽ ጽፌዋለሁና እዚህ አልመለስበትም። የዛሬው ጉዳያችን ፈረሰኞቹ ከሜዳ ሲመለሱ የቀረበላቸው ገበታ ነው።

እኔ በተጋበዝኩበት ቤት የቀረበው ድፎ እንደ ጋሻ የሰፋ፣ መልኩ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ሲነሣ የሚከብድ ነበር። አንድ ቁራሽ ያጠግባል። ምክንያቱን ስጠይቅ እመቤቲቱ «ስንዴው ብቻውን አይደለማ፣ ገብስ አለበት» አሉኝ። አካባቢው ደጋ በመሆኑ ገብስና ድንች ከደጃፍ አይጠፉም። ገብስ እንደ ስንዴ ሊጡ ተስቦ አየር አይቋጥርም፤ ስለዚህ ገብስ የገባበት ዳቦ ብዙ አይነፋም፣ እምቅ ይላል። በአንጻሩ ቶሎ አይደርቅም፤ መዓዛውም ቆሎ ሲቆላ የሚሸተውን ያስታውሳል። እርሾው ካለፈው ሊጥ የተቀመጠ ስለሆነ ትንሽ መጣጣነት አለው። ከአዋዜ ጋር ሲበሉት ይኸው መጣጣነት ደስ ይላል። ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ፤ የእናቴ ዳቦ ግን ይህም አልነበረም።

ከዚያ ለሌላ የሥራ ጉዳይ ሁለት ቀን ዳንግላ ሄድሁ። ዳንግላ ከእንጅባራ ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ አገር ነው። በቆሎውና ዳጉሳው በብዛት የሚዘራበት በመሆኑ ዳቦውም ይህንኑ ይመስላል። አራስ ልጃቸውን የሚጠይቁ ዘመዶችን ለመቀበል ዳቦ የሚደፉ አንዲት እናት ቤት ገብቼ ስመለከት፣ ከስንዴው ዱቄት ሌላ የበቆሎ ዱቄት በፈላ ውሃ አሽተው አቀዝቅዘው ይቀላቅሉበት ነበር። በቆሎ በደረቁ ከተጨመረ ዳቦው ይፈረፈራል፤ በፈላ ውሃ ሲታሽ ግን ውሃ ይዞ ይለሰልሳል፣ ጣፈጥም ይላል። «ስንዴ ሲወደድ በቆሎው ይበዛል፣ ሲረክስ ያንሳል» አሉኝ እየሣቁ። እርስዎም ከኑሮ ውድነት ጋር ሲታገሉ ይህን ዘዴ ቢያስታውሱ ይጠቅምዎታል፤ ከአራት እጅ አንዱን እጅ በቆሎ ማድረግ ዳቦውን አይጎዳውም።

እዚያ ቤት ሌላ ያስተዋልሁት ነገር ቅጠሉን ነው። ኮባ ስላጡ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ነበር የደፉት። ሁለቱ ተክሎች የአንድ ቤተሰብ ዘመዳሞች ናቸው። ኮባ ወይም እንሰት በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቆጮና ቡላ ሆኖ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይመግባል። በሰሜኑ ግን ሰው ከጓሮው የሚተክለው በአብዛኛው ለቅጠሉ ሲል ነው፤ ያውም ለዳቦ። ቅጠሉ ሊጡን ከምጣዱ ቃጠሎ ይጠብቀዋል፤ ከራሱ በሚወጣው እርጥበት ቅርፊቱ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል፤ መዓዛውንም ይሰጠዋል። የሙዝ ቅጠል ሥራውን ይሠራል፣ መዓዛው ግን ይሳሳል። በዋሽንግተን የምትኖር የልጅነት ጓደኛዬ በበኩሏ ከእስያውያን ሱቅ በረዶ የሠራ የሙዝ ቅጠል እየገዛች እንደምትደፋ፣ እሱንም ስታጣ የአሉሚኒየም ወረቀት እንደምታነጥፍ ነግራኛለች። የወረቀቱን ዳቦ ለምን እንደማትወደው ስጠይቃት «ቤት ቤት አይሸትም» አለችኝ።

አርብ ጥር 26 ቀን ከሰዓት በኋላ ግምጃ ቤት ደረስሁ። ግምጃ ቤት ማለት የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ስሙን ስትጠራ ወርቅና ሐር የሞላበት አዳራሽ ይታየኝ ነበር። ያገኘሁት ግን ዙሪያው አረንጓዴ የሆነ፣ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ትንሽ የወረዳ ከተማ ነው። አክስቴ ከበር ላይ ቆመው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና በጣም አስጠግተው ተመለከቱኝ። ናፍቆት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አጥርተው ስለማያዩ ኖሯል።

«የእናትሽን ፊት ነው የያዝሽው» አሉና ወደ ውስጥ አስገቡኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሣቁ። በማግሥቱ ጥር 27 የመድኃኔ ዓለም ዕለት ስለሆነ የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእሳቸው ነበር። «በጥሩ ቀን መጣሽ፤ ለሠላሳ ሰው የሚበቃ ዳቦ ነው የምደፋው» አሉኝ።

ማታ ጎረቤቶች መጥተው በቡሃቃው ዙሪያ ተቀመጡ። ሴቶቹ ሊጡን እየተቀባበሉ ሲያቦኩ የሚጨዋወቱት በአዊኛ ነበር። እኔ አንድም ቃል አልያዝኩም፤ እናቴ ይህንንም አላስተማረችኝም። ሲሥቁ አብሬ እሥቃለሁ፣ ምን እንዳሣቃቸው ግን አላውቅም። አንዷ ይህን ተመልክተው ወደ አማርኛ መለሱልኝ፤ ጨዋታው ስለ እኔ የሊጥ አያያዝ ኖሯል።

አክስቴ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥተው ወደ ቡሃቃው ሄዱ። መብራት አላበሩም። እጃቸውን ከክዳኑ ሥር ሰደው ሊጡን በጣታቸው ዳሰሱና «ገና ነው» ብለው ተመልሰው ተኙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሡ ሊነጋጋ ሲል ነበር፤ ያን ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ማድ ቤት ገብተው እሳት አነደዱ።

አሁን ስለ ጭሱ ልንገርዎ። ማድ ቤቱ መስኮት የለውም። እኔ አምስት ደቂቃ ሳልቆይ ዓይኔን ይዤ ወደ ደጅ ሮጥሁ። አክስቴ እዚያው ነበሩ። ለሃምሳ ዓመታት ያህል እዚያው ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ በሚመጡ በሽታዎች ሞተዋል፤ ጭሱ ከሳንባ በሽታ ሌላ ከዓይን ሞራ ግርዶሽ ጋርም ይያያዛል። የአክስቴም ዓይን ሞራ እንደ ጋረደው ሐኪም ነግሯቸው ነበር። በአዊ የማገዶ ችግር የለም ለማለት ይቻላል፤ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው «ደከረንስ» የሚባለውን የግራር ዓይነት በማሳው እየተከለ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ይቆርጠዋል። እርስዎ አዲስ አበባ ቡና የሚያፈሉበት ከሰል ከዚያው የመጣ ሊሆን ይችላል። ማገዶው መትረፍረፉ ግን ለአክስቴ ዓይን ያተረፈለት ነገር የለም።

ሴት ልጃቸው መምህርት ናት። ቅዳሜ ስለነበር እቤት ውላለች። እኔ በደጅ ዓይኔን ሳሽ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «በየዓመቱ እንጣላለን» አለችኝ። «የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁላት፤ መብራት ይጠፋል ብላ ለእንጀራ ብቻ አደረገችው። ከዳቦ ቤት እንግዛ ብላት ደግሞ ለሦስት ቀን አኮረፈችኝ።»

አክስቴ ከውስጥ ሰምተዋል። «በማኅበርተኛው ፊት የገበያ ዳቦ ይዤ ልቅረብ? እነሱ በተራቸው ደፍተው አብልተውኝ?» ሲሉ መለሱ። ውድ አንባቢ፣ ይህን ጥያቄ ቀላል አድርገው አይመልከቱት። እኛ የከተማ ሰዎች «ይገዛ» ብለን የምንገላገለው ነገር ለእሳቸው በሠላሳ ሰው መካከል ያላቸው ቦታ ነው። ልጅቷም አልተሳሳተችም። ሁለቱም እውነት ይዘው እናትና ልጅ በአንድ በር ላይ ቆመው ሲተያዩ እኔ መካከል ገብቼ ምን ልበል?

መፍትሔውን ያመጣችው መምህርቷ ናት። የአሥራ አምስት ዓመት ወንድ ልጇን ጠርታ «እሳቱን አንተ ያዝ፤ ጉልቻውን ወደ ደጅ አውጣው» አለችው። አክስቴ «ወንድ ልጅ ማድ ቤት!» ብለው ጮኹ። ልጁ ግን ሦስቱን ጉልቻ አንድ በአንድ አውጥቶ ከቤቱ ጀርባ ነፋስ በማይመታበት ቦታ ጎለተ። አክስቴ በርጩማ ላይ ጥቂት ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ እጅና ዓይን እኔ ሆንኩ። እንደዚያ ሆነን ደፋን።

የተማርኩትን ላካፍልዎ። ቅጠሉ ከጓሮ ተቆርጦ እንደ መጣ አይነጠፍም። ወፍራም አከርካሪው በቢላዋ ተልጎ ይወጣል፤ ከዚያ በነበልባል ላይ ቶሎ ቶሎ እየተሳበ ሲያልፍ ይጠወልግና እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ሳይጠወልግ ከተነጠፈ ይሰነጠቅና ሊጡ ሾልኮ ምጣዱን ይይዛል። ቅጠሎቹ ዳር ለዳር ተደራርበው በምጣዱ ላይ ይነጠፋሉ፤ ጫፋቸው ተርፎ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። ሊጡ በእርጥብ እጅ ከተደላደለ በኋላ የተንጠለጠለው ጫፍ ወደ ላይ ተመልሶ ይሸፍነዋል፣ ሌላም ቅጠል ይጨመርበታል። ከዚያ ክዳኑ ይከደንና ፍም በላዩ ይበተናል።

እኔ ፍሙን ክምር አድርጌ ልጭነው ስል አክስቴ ድምፁን ብቻ ሰምተው «ቀንሺ!» አሉኝ። «ላዩ ቶሎ ከደረቀ ውስጡ ይዘጋበታል። መጀመሪያ ለስለስ አድርጊው፣ ከነፋ በኋላ ትጨምሪያለሽ።» የገናው ዳቦዬ ምን እንደ ገደለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ውስጡ ሳይበስል ላዩን በኃይለኛ እሳት አቅልቼው፣ መልኩ ስላማረ ብቻ የደረሰ መስሎኝ ነበር ያወጣሁት።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተን ዳቦውን በሰፌድ ገለበጥነው። አክስቴ ያኔ ከበርጩማቸው ተነሡ። ቅጠሉን ከታች በኩል ገለጥ አድርገው በመካከለኛ ጣታቸው አንጓ ኳ፣ ኳ አድርገው መቱት፣ ጆሯቸውንም አስጠግተው አዳመጡት። እንደ ባዶ ቅል አስተጋባ። «ደርሷል» አሉ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። እናቴ እንዲሁ ታደርግ ነበር። ጆሮዋን ወደ ዳቦው አስጠግታ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ ትዝ አለችኝ፤ ልጆች ሳለን ከዳቦው ጋር የምታወራ ይመስለን ነበር።

ዳቦው በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ላቡ እስኪመጠጥ ካረፈ በኋላ ለማኅበሩ ቀረበ። ቄሱ ባረኩት፣ ተቆረሰ፣ ከጠላው ጋር ታደለ። ድርሻዬን ተቀብዬ ቀመስሁ። ጥሩ ዳቦ ነበር፤ ገብስ የገባበት፣ እምቅ ያለ፣ እንጅባራ ከበላሁት ብዙም የማይለይ። የእናቴ ዳቦ ግን አልነበረም።

ማታ ይህንኑ ለአክስቴ ነገርኳቸው። «ኮረሪማውስ? ጥቁር አዝሙዱስ?» አልኳቸው። ግራ ገባቸው። «እኛ ቤት ዳቦ ውስጥ ኮረሪማ ገብቶ አያውቅም። ደግሞ እናትሽ ከዚህ ስትሄድ ዳቦ መድፋት የት ታውቅ ነበር? የሁላችንም ታናሽ ናት፤ ውሃ ቀጂ ነበረች» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አዲስ አበባ የነበርንበትን ግቢ አንድ በአንድ አሰብሁት። በስተቀኝ ያሉት ጎረቤታችን የአዲግራት ሰው ነበሩ። በበዓል የሚልኩልን ሕምባሻ እንደ መንኮራኩር የተሸነሸነ፣ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ነበር። ከበስተጀርባ ያሉት የጉራጌ እናት ለበዓል አገራቸው ደርሰው ሲመለሱ የኮባ ቅጠል በእስር አምጥተው ለግቢው ያካፍሉ ነበር። ዱቄቱ ደግሞ የቀበሌ ፉርኖ ዱቄት ነበር፤ ገብስ የሚባል አልነበረበትም። እኔ ከግምጃ ቤት የመጣ የመሰለኝ ጣዕም እናቴ በሠላሳና በአርባ ዓመት ውስጥ ከጎረቤት ከጎረቤት ለቃቅማ ያበጀችው ነበር። ከትውልድ አገሯ ይዛው የሄደችው፣ ምናልባት ውሃ ይዛ ስትገባ ስትወጣ ያየችው፣ ያ የጆሮው ነገር ብቻ ኖሯል።

ልክድዎ አልችልም፣ መጀመሪያ ከፋኝ። 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የፈለጉት ነገር ከጎረቤት ቤት እንደ ነበረ ማወቅ ያናድዳል። ጧት ስነሣ ግን ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ ነበር። እናቴም በአሥራ ሰባት ዓመቷ አዲስ አበባ ስትገባ እንደ እኔው አታውቅም ነበር ማለት ነው። የእሷም የመጀመሪያ ዳቦ ውስጡ ሊጥ ሆኖ የወጣ ይሆናል።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አክስቴ አከርካሪው የወጣለት የኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሙቀት ስለ መታው ከመድረሴ በፊት ጠቆረና ሳልጠቀምበት ጣልኩት። እርስዎ ግን አይጨነቁ፤ ለበዓል ሰሞን በየገበያው ከቄጤማው ጎን ይሸጣል።

በከተማ ማድ ቤት እንዴት እንደማደርገው ልንገርዎና ይሞክሩት። ለአንድ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ሦስት የውሃ ብርጭቆ ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው እበቃዋለሁ። ጥቁር አዝሙዱንና የተወቀጠ ኮረሪማውን አልተውም፤ የእናቴ ነውና። ገብስ ደግሞ አንድ ብርጭቆ እጨምራለሁ፤ ይህ የአክስቴ ነው። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ወፍሮ ከቂጣ ሊጥ ግን ቀጥኖ በእጅ የሚጣበቅ መሆን አለበት። ማታ አቡክተው ቀዝቃዛ ቦታ ቢያሳድሩት ሌሊት ከመነሣት ይድናሉ፤ ጧት ወደ ሥራ የሚሮጡ እናቶች ይህን ይወዱታል ብዬ አምናለሁ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ እሳቱ ከታች ብቻ ስለሆነ ዳቦው ሥሩ አርሮ ላዩ ነጭ ይቀራል። ስለዚህ ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ሲሞላው በሰፌድ ገልብጠው በአዲስ ቅጠል ላይ መመለስ ያስፈልጋል። ምድጃ ያላቸው በ180 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢያቆዩት ይበቃል። ከአራት ጣት በላይ አያወፍሩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትኩሱን አይቁረጡት፤ ውስጡ ከምጣድ ከወጣም በኋላ በራሱ ሙቀት ይረጋል። እንግዳ እየጠበቀ ትዕግሥት ማጣት ምን እንደሚያስከትል የኔ ገና ምስክር ነው።

ስለ አክስቴ ለሚያስቡ አንባቢያን፣ በ2016 ዓ.ም. የአንድ ዓይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶላቸዋል። መምህርቷ በስልክ እንዳጫወተችኝ ጉልቻው ዛሬም ደጅ ነው፤ የልጁ ጓደኞች «ዳቦ ደፊው» ብለው ስም አውጥተውለታል፣ እሱ ግን ግድ የለውም። አክስቴ ዓይናቸው ሲበራ መጀመሪያ ያሉት ነገር ማድ ቤቱ ይህን ያህል መጥቆሩን አለማወቃቸውን ነው።

እኔ ከግምጃ ቤት ከተመለስሁ በኋላ የደፋሁት ለፋሲካ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ባለቤቴ ቅጠሉን አጠበ፤ ልጄ ሊጡን እስከ ክርኑ ድረስ ተቀብቶ አቦካ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቅዳሴ የተመለስን ሰዎች በረሃብ ማድ ቤቱን ከበን ቆመን፣ ዳቦውን ገልብጬ በጣቴ አንጓ መታሁት፣ ጆሮዬንም አስጠጋሁ።

ልጄ እሱም ጆሮውን ከወዲያ በኩል ለጠፈ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

አዳመጥሁ። «ገና ነው ይላል» አልኩትና ወደ ምጣዱ መለስሁት።